ዊንዶውሱ በአዲስ ተጭኖ በዘጠኝ ቀኑ ተመልሶ ቆመ፤ ዲስኩ ውስጥ የእድራችን መዝገብ አለ

የእድር ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ) ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የብሎካችን እድር ጸሐፊም እኔ ነኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋባይት፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት። ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት ስላለፈው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ ብቻ ይሠራል። መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ድርግም ይላል።

ከወር በፊት መንቀራፈፍ ጀመረ። አንድ ሰነድ እስኪከፍት ሻይ አፍልቼ እመለስ ነበር። ለጥገና ወሰድኩት። ባለሙያው «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ብሎ ሲ የሚባለውን፣ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስኩን ክፍል ፎርማት አደረገና ዊንዶውስ 10 በአዲስ ጫነልኝ። ሌላው ክፍል ዲ አልተነካም፤ መዝገቡም የደንበኞቼ ሰነድም ያለው እዚያ ነው። ዘጠኝ ቀን ደህና ሠራ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሰማያዊ ገጽ አሳይቶኝ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ «ጥገና በማዘጋጀት ላይ» ይላል፣ ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ያንኑ ይደግማል። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ከግራ መዳፌ ማሳረፊያ ሥር ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እሰማለሁ።

መልሼ ብወስደው «አሁን ዲስኩን በሙሉ ፎርማት አድርገን ከዜሮ እንጫነው» አለኝ። መዝገቡ ውስጥ የ214 አባወራ ስም፣ የቤተሰባቸው ዝርዝር፣ የወር መዋጮና ለየትኛው ሐዘን ምን እንደተከፈለ ሰፍሯል። ሌላ ቅጂ የለኝም። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሺ ልበለው?

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ20

እህቴ፣ እሺ አትበይው። መጀመሪያ ግን ላፕቶፑ አሁን በርቶ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀይው። ቀጭ የሚል ዲስክ ቀሪ ዕድሜው የሚቆጠረው በበራበት ሰዓት ነው። «እስቲ አሁን ይነሳ እንደሆነ» እያልሽ በከፈትሽው ቁጥር ከዚያች ከቀረችው ትቀንሺያለሽ።

የተበላሸው ዊንዶውስ አይደለም። በላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ውስጥ መስታወት የመሰለ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የማንበቢያው ጫፍ ሳህኑን ሳይነካ ከፀጉር በእጅጉ በቀጠነ የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። ሳህኑ ላይ የማይነበብ ቦታ ሲያጋጥመው ደግሞ ደጋግሞ ይሞክራል፤ አልሆን ሲለው ክንዱ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይሄዳል። ቀጭ የሚለው ያ መመላለስ ነው። መንቀራፈፉም ከዚያ የመጣ ነው።

ዘጠኝ ቀን ለምን ሠራ ትዪ ይሆናል። ሲ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ በላዩ ሲጻፍ ዲስኩ መጥፎ ሆነው ያገኛቸውን ቦታዎች ለመጠባበቂያ ባስቀመጣቸው ቦታዎች ይተካቸዋል። ስለዚህ ለጊዜው የተሻለው ይመስላል፤ የሚቆስለው ቦታ ግን እየሰፋ ይሄዳል። እኔ ጥገና ላይ 17 ዓመት ቆይቻለሁ። የዲስኩን ጤና ሳይለካ ፎርማት የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም አዝናለሁ፤ መለኪያው ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

መምህር ዘሰበታ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እኔም ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኝ ነበር። ከጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ቼክ ዲስክን (የዊንዶውስን የዲስክ መፈተሻ) «አር» ከሚለው አማራጭ ጋር አስነሳሁት፤ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጠዋት ላፕቶፑ ተነሳ። እስካሁን እየሠራሁበት ነው። እህታችን ይህን ብትሞክር ወጪ የለውም።

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15

መምህር፣ በአክብሮት እቃወማለሁ፤ ይህ ምክር መዝገቡን ሊያጠፋው ይችላል። የእርስዎ ዲስክ ጤነኛ ነበረ፤ የተዛባው የፋይሎቹ ማውጫ ብቻ ነው። ለዚያ ዓይነቱ ችግር ቼክ ዲስክ ትክክለኛው መድኃኒት ነው። «አር» ሲጨመርበት ግን ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል፤ ይህ በሚሞት ዲስክ ላይ ሰዓታት የሚፈጅ ግርፋት ነው። በዚያ ላይ ይጽፋል። የቼክ ዲስክ ዓላማ ማውጫው እርስ በርሱ እንዲስማማ ማድረግ እንጂ ፋይልን ማዳን አይደለም። ባለቤቱን ያጣ ቁራጭ ሲያገኝ ስሙን ነጥቆ በቁጥር ሰይሞ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያከማቸዋል፤ ያንን መልሶ መለየት ከባድ ነው።

ከታመመ ዲስክ ማንበብ ብቻ ነው። ምንም አይጻፍበትም፤ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

ነፋሻው ሱሉልታ ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40

እኛ አካባቢ ሃርድ ዲስክ አይበረክትም። ከፍታው ነው የሚጎዳው ይባላል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ጫፉ አይንሳፈፍም። እውነት ከሆነ ለእህታችንም ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ተማሪው (ኮዬ ፈጬ) ሰኞ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ጫፉ በእርግጥ በአየር ላይ ነው የሚንሳፈፈው። ነገር ግን የብዙዎቹ ላፕቶፕ ዲስኮች መግለጫ በሥራ ላይ ሳሉ እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ይፈቅዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ሱሉልታ ከፍ ብትልም ከዚያ ወሰን በታች ናት። እንጦጦ አናት ላይ ቢሮ ለከፈተ ሰው ግን ጥያቄው ተገቢ ነው።

እትዬ ጸሐፊ፣ እኔ ከእርስዎ ብዙ አልርቅም። ሲስተም ሬስኪዩ የሚባል ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ሥርዓት) አለኝ፤ መጠኑ አንድ ጊጋባይት አካባቢ ስለሆነ በሌሊት ጥቅል ለማውረድም አይከብድም። በላፕቶፑ ዲስክ ላይ ምንም ሳይጭን ራም ላይ ብቻ ይሠራል። የዲስክ ጤና መለኪያውም ፋይል ማዳኛውም አብሮት አለ። ነገ ከትምህርት ስወጣ ፍላሹን ሱቅዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ። ላፕቶፑን አይክፈቱት።

የእድር ጸሐፊ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። መጥቶ አስነሥቶልኛል፤ ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፌያቸዋለሁ። ጠጋኙ፣ እባክዎ ይዩልኝ።

ቁጥር 5፦ 1,216። ቁጥር 192፦ 1,093። ቁጥር 197፦ 344። ቁጥር 198፦ 344። ቁጥር 199፦ 0።

ከታች አጠቃላይ ውጤቱ «አልፏል» ይላል። ይህን ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀ።

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ30

ራሱን መነቅነቁ ልክ ነው። «አልፏል» የሚለውን እርሺው፤ አምራቾች ያንን ወሰን በጣም ዝቅ አድርገው ስለሚያስቀምጡት ብዙ ዲስክ «አልፏል» እያለ ሞቷል። አምስቱን ቁጥሮች ላንብብልሽ።

5 ማለት ተበላሽተው በመጠባበቂያ የተተኩ ቦታዎች ናቸው። ጤነኛ ዲስክ ላይ ዜሮ ነው፤ ያንቺ ከሺህ አልፏል። 197 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁ ቦታዎች፣ 198 ደግሞ ሲፈተሹ ፈጽሞ ያልተነበቡ ናቸው። የአንቺ ፋይሎች ቁራጭ እነዚህ 344 ላይ ሊኖር ይችላል። 199 ዜሮ መሆኑ ገመዱና መሰኪያው ደህና እንደሆነ ይነግረናል፤ ይህ ቁጥር ቢጨምር ኖሮ ዲስኩን ሳይሆን ገመዱን እንጠረጥር ነበር።

ያሳዘነኝ 192 ነው። ዲስኩ በሥርዓት ሳይሰናበት ኃይል ስንት ጊዜ እንደተቋረጠበት የሚቆጥር ነው። በሥርዓት ሲጠፋ ክንዱ ቀስ ብሎ ወደ ማረፊያው ይወጣል። ኃይል ድንገት ሲቋረጥ ግን ሳህኑ ገና እየተሽከረከረ ባለው ጉልበት ክንዱን ወርውሮ ያስወጣዋል። አምራቾች ዲስኩ በሕይወቱ ይችለዋል ብለው የሚጽፉት የድንገተኛ ቁጥር ከመደበኛው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ባትሪ በሌለው ላፕቶፕ፣ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር፣ ከሺህ ጊዜ በላይ ሆኗል። የተቋረጠው እየጻፈ ሳለ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ ይበልጣል።

ስለዚህ አዲስ ዲስክ ከመግዛትሽ በፊት ባትሪ ግዢ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ) ይቋቋማል የሚሉሽን አትስሚ። እሱም ፋይል የት እንዳስቀመጠ የሚያመለክተውን ሠንጠረዥ እያደሰ ሳለ ኃይል ቢቋረጥበት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሊሞት ይችላል። ሃርድ ዲስክ ቢያንስ ቀጭ ይላል።

ተማሪው (ኮዬ ፈጬ) ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እትዬ፣ ነገ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስክ ይግዙ ወይም ይዋሱ። በዲዲሬስኪዩ የዲስኩን ሙሉ ምስል፣ ማለትም ከዳር እስከ ዳር የተቀዳ ቅጂ፣ እንወስዳለን። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ያነሳል፤ አስቸጋሪ ቦታ ሲያጋጥመው ዘሎት ይሄድና በመጨረሻ ይመለስበታል። ፋይል በፋይል ከመቅዳት የሚለየው በዚህ ነው፤ ተራው ቅጂ የመጀመሪያው መጥፎ ቦታ ላይ ደርሶ ይገተራል።

ሦስት ነገር ልብ ይበሉ። ትእዛዙ ላይ ምንጩ ቀድሞ መድረሻው ተከትሎ ይጻፋል፤ ሁለቱ ከተገላበጡ ባዶው ዲስክ በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ስለዚህ በስም ሳይሆን በመጠን እንለያቸዋለን፤ 500 የሆነው ምንጭ፣ 1 ቴራ የሆነው መድረሻ። ሁለተኛ፣ ኤክስተርናሉ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ፋይል ስለማይቀበል በኤንቲኤፍኤስ እንቀይረዋለን፤ ባዶ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ነው። ሦስተኛው መብራት ነው። ፕሮግራሙ የት እንደደረሰ የሚመዘግብበት ማፕ ፋይል አለው፤ ራም ላይ ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ኤክስተርናሉ ላይ ከሆነ ግን ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

ትእዛዙን በወረቀት ጽፌ አመጣለሁ።

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10

ልጄ፣ በትክክል አስቀመጥከው። አንድ ልጨምር። ላፕቶፑ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ አልጋና ሶፋ ላይ ይሞቃል። ሲሠራ አታንቀሳቅሱት።

የእድር ጸሐፊ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት

ሁለት ሌሊት አልፏል። እንዲህ ነበር።

ኤክስተርናሉን የገንዘብ ያዣችን ልጅ አዋሰን። ረቡዕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀመርን። ተማሪው ልጅ ትእዛዙን ሲጽፍ ሁለቱን መጠኖች ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ እሱም ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያደረገ «ምንጭ፣ መድረሻ» አለ፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሲጫን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበር።

መጀመሪያ ቁጥሩ ይሮጥ ነበር። አሥር በመቶ፣ ሃያ በመቶ። አርባ አንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፍጥነቱ ዜሮ ሆነ፣ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፤ «የንባብ ስህተት» የሚለው መስመር ከዜሮ ወደ አንድ፣ ወደ ሰባት፣ ወደ ሃያ ሦስት ወጣ። ልጁ «ይዝለለው፣ ይዝለለው» እያለ ያወራው ነበር። ዘለለው፤ እንደገና መሮጥ ጀመረ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ልጁን ወደ ቤቱ ሸኘሁትና ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሰባ ሦስት በመቶ ላይ ነበር። በጨለማው ውስጥ የዲስኩ ሳህን ድምፁ እየቀነሰ ሲቆም ሰማሁት። አለቀስኩ፤ አልደብቃችሁም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት መጣ። ልጁ ትምህርት ቤት ስለነበር በስልክ እያነበበልኝ ያንኑ ትእዛዝ ፊደል በፊደል ራሴ ጻፍኩት። ማፕ ፋይሉን አነበበና ሰባ ሦስት ላይ ተነሳ። ከዜሮ አልጀመረም!

ሐሙስን ሙሉ ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ። የሚነበበው ሁሉ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የቀረው ያንን የዘለላቸውን እየፋቀ ማውጣት ነበር፤ እሱ እስከ ማምሻው ድረስ ፈጀ። መጨረሻ ላይ 99.99 በመቶ ይላል። ያልተነበበው 1.3 ሜጋባይት ብቻ ነው።

ምስሉን ለንባብ ብቻ ከፍተን ፋይሎቹን አየን። የደንበኞቼ ሰነዶች አሉ። የእድሩ ፎልደር አለ። የ2015፣ የ2016 እና የ2018 መዝገብ ይከፈታል። የ2017 የኤክሴል ፋይል ግን አልከፈት አለ፤ መጥፎው ቦታ እሱ ላይ አርፏል። ሊብሬ ኦፊስ ልጠግነው ብሎ ሞከረና ሁለት ገጽ ብቻ ሰጠኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የ2017ን መዝገብ በግንቦት ወር ለሊቀመንበራችን በቴሌግራም ልኬላቸው ነበር። ስልኬን ከፍቼ መልእክቶቻችንን ወደ ኋላ ስገፋ ስገፋ አገኘሁት። ወረደ፤ ተከፈተ። የጎደለው ከግንቦት በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ እሱን ከደረሰኝ ጥራዙ ላይ እሞላዋለሁ። የማንም ሐዘን አልጠፋም።

መምህር ዘሰበታ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሰኞ የሰጠሁሽን ምክር ብትከተዪ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስብ ከበደኝ። ጠጋኙን አመሰግናለሁ። ዛሬ የራሴንም ዲስክ ለካሁት፤ 5 እና 197 ሁለቱም ዜሮ ናቸው።

የእድር ጸሐፊ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ባትሪ አዝዣለሁ፤ ኤስኤስዲ ዛሬ እገዛለሁ። ዊንዶውስ 10 ይሁን 11? ሥራዬ በሙሉ አማርኛ ጽሑፍ ነው።

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ30

ስትገዢ ባለ 2.5 ኢንች፣ ሳታ በሚባለው መሰኪያ የሚገባውን ጠይቂ፤ ለስድስተኛ ትውልድሽ በአሮጌው ዲስክ ቦታ በቀጥታ ይገባል። 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለሥራሽ ይበቃል። ሻጩ ፊት አስከፍተሽ መጠኑን አረጋግጪ፤ ቤት ስትደርሺም ሙሉውን በመሙላት ፈትኚው። ገበያው ላይ 2 ቴራ ነኝ የሚል ውስጡ ግን 32 ጊጋባይት የሆነ ዕቃ አለ፤ ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል እንጂ አያስቀምጠውም።

የዊንዶውሱ ጉዳይ ቀላል አይደለም። ዊንዶውስ 11 በሕጉ የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የአንቺን በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን የሰው ገንዘብ የሚመዘገብበት ማሽን ላይ አላደርገውም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች የደህንነት ጥገናው ለተጨማሪ ጊዜ የሚቀጥልበት ምዝገባ ስለከፈተ ቅንብሮች ውስጥ ገብተሽ ተመዝገቢ። የእኔ ምክር ለአሁኑ 10 ጭነሽ መመዝገብ፣ ከዚያ ማሽኑን ለመቀየር መቆጠብ ነው።

የለገጣፎ ልጅ ዓርብ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ሊኑክስ ሚንት ለምን አይሆንም? ለአሮጌ ላፕቶፕ ቀላል ነው፤ አማርኛ መጻፊያም አለው፤ የደህንነት ጥገናም ይወጣለታል። ድጋፉ ባበቃ ሥርዓት ላይ የ214 ቤተሰብ መረጃ ማስቀመጥ አልተዋጠልኝም።

በዚህ አጋጣሚ የራሴን ልጠይቅ። የአሥራ አንደኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ ስጭን «ምንም ዲስክ አልተገኘም» ይለኛል። ዲስኩ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው ቅንብር) ይታያል። ሞቶ ይሆን?

ተማሪው (ኮዬ ፈጬ) ዓርብ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ወንድም፣ አልሞተም። ከአሥራ አንደኛ ትውልድ ወዲህ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ዲስኩን ቪኤምዲ ከሚባል የኢንቴል መቆጣጠሪያ ጀርባ ያስቀምጡታል፤ የዊንዶውስ መጫኛ ደግሞ ድራይቨሩን (ከመቆጣጠሪያው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም) አይዝም። ከላፕቶፑ አምራች ገጽ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን አውርድ፣ ፍላሹ ላይ ዘርግተህ ገልብጥ፣ ዲስክ በሚመረጥበት ገጽ ላይ «ድራይቨር ጫን» የሚለውን ተጫን። ከዚያ በፊት ግን አሮጌው ዊንዶውስ በቢትሎከር ተቆልፎ እንደሆነ አጣራ። ባለ 48 አሃዙ ቁልፍ በማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ያለ እሱ ፋይሎችህን እኔም ጋሽ ጠጋኙም ልናድንልህ አንችልም።

ስለ ሚንት እኔም እስማማ ነበር። የእትዬን ሰነዶች ግን አይቻቸዋለሁ፤ ግማሾቹ ዊንዶውስ በሚፈልግ አሮጌ የግዕዝ ፕሮግራም የተጻፉ ናቸው።

የእድር ጸሐፊ እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጫንነው። ጠጋኙ በስልክ እንደነገሩኝ አሮጌውን ዲስክ አስቀድመን አወጣነው፤ ሁለቱም ተሰክተው ቢሆን መጫኛው ማስነሻውን አሮጌው ላይ ሊያስቀምጠው ይችል ነበር። የመጫኛ ፍላሹን ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም አዘጋጀነው። መጀመሪያ «ዲስኩ የኤምቢአር ሠንጠረዥ አለው፣ መጫን አይቻልም» አለ። ልጁ ኤስኤስዲው ባዶ መሆኑን አይቶ ፓርቲሽኖቹን በሙሉ አጠፋቸውና መጫኛው ራሱ ጂፒቲ በሚባለው በአዲሱ የክፍፍል ሠንጠረዥ እንዲከፍለው ተወው፤ አለፈ። ቁልፍም አልጠየቀኝም፤ ከፋብሪካው ዊንዶውስ ተጭኖበት የወጣ ስለሆነ ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ አለ። የዋይፋይ ድራይቨሩን ቀድመን አውርደን ስለነበር ወዲያው ኢንተርኔት አገኘ። ሲነሳ ሃያ ሰከንድ አልፈጀበትም።

አንድ ነገር ግን አስደነገጠኝ። የ2015 መተዳደሪያ ደንባችንን ስከፍት ፊደሉ ሁሉ የፈረንጅ ምልክት ሆኖ ተዘበራረቀ። ያኔ ባለሙያው ሲጭንልኝም እንዲሁ ሆኖ ነበር፤ ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ዝም ብዬ ነበር። አሁንም ተበላሽቷል?

ጠጋኙ ዘቃሊቲ እሑድ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

አልተበላሸም፤ ተረጋጊ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ለፊደላት የሚጋሩት የቁጥር ሠንጠረዥ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ መጻፊያዎች፣ ከዚያ በኋላም የቀጠሉት አንዳንዶቹ፣ «ሀ»ን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው መልኩን ብቻ በፎንቱ ይለውጡት ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው፤ ግዕዝ የሚያደርገው ፎንቱ ነው። ሲ ፎርማት ሲደረግ ፎንቶቹ አብረው ጠፉ። ያንኑ መጻፊያ መልሰሽ ስትጭኚ ፊደሉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ግን ደንቡን ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው፤ መቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ። የእድር ደንብ ከአንድ ፎንት ዕድሜ በላይ መኖር አለበት።

ኒያላ ፎንትንም ካጣሽው ከአማራጭ ባህርያት ውስጥ የኢትዮጵያ ተጨማሪ ፎንቶች የሚለውን ጫኚ፤ ዊንዶውስ 10 ላይ ከመጀመሪያው አብሮ አይመጣም።

የእድር ጸሐፊ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ፊደሉ ተመለሰ። ባትሪውም ገባ፤ ትናንት መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ መሥራቱን ቀጠለ፣ በሥርዓት አጠፋሁት። የመዝገቡ ቅጂ አንዱ ገንዘብ ያዣችን ቤት በፍላሽ ተቀምጧል፤ ሁለተኛውን በየወሩ መጨረሻ ለሊቀመንበሩ በቴሌግራም እልካለሁ። እሑድ በስብሰባችን ላይ ልጁን አቅርቤ አስመረቅኩት፤ እናቶቹ ዙሪያውን ቆመው እልል አሉለት።

የመጨረሻ ጥያቄዬ ይህ ነው። አሮጌው ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ። አንድ ዕቃ ገዢ «ለመለዋወጫ» ብሎ ጠይቆኛል። ውስጡ የደንበኞቼ መታወቂያ ቅጂ አለ። አጥፍቼ ልስጠው?

ጠጋኙ ዘቃሊቲ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40

አትስጪው። በላዩ ዜሮ እየጻፉ ማጥፋት የሚሠራው ዲስኩ ሲታዘዝ ነው፤ ቀድሞ በመጠባበቂያ የተተኩት 1,216 ቦታዎች ላይ ግን ትእዛዙ አይደርስም። መታወቂያ ያለበትን ዲስክ እኔ የማጠፋው በእጄ ነው።

መዝገቡ በሁለት ቦታ መከፈቱን መጀመሪያ አረጋግጪ። ከዚያ ዲስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለሽ መሐሉን በመዶሻ ምቺው። የላፕቶፕ ዲስክ ሳህን አብዛኛውን ጊዜ ከመስታወት ስለሚሠራ ይደቅቃል፤ ስትነቀንቂው እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ዓይንሽን በመነጽር ሸፍኚ፣ ልጆች አጠገብሽ አይሁኑ፤ ጨርቁንም ሳትፈቺ ጣዪው።